ስለ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ጨዋታ

ሰው ለሰው የሚሰጠው ነገር ብዙ ነው፤ እህል ይሰጣል፥ ልብስ ይሰጣል፥ ገንዘብ ይሰጣል። ከሚሰጠው ሁሉ ግን ወጪ የሌለበትና ቶሎ የሚረሳው ጨዋታ ነው። በቋንቋችን ጨዋታ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል፤ አንደኛው ልብን የሚያሳርፍ ደስታ፥ ሁለተኛው ሰው ከሰው ጋራ የሚያወጋው ወግ ነው። ለሁለቱ አንድ ስም የተሰጠበት ምክንያት ምንድር ነው ቢሉ፥ በአባቶቻችን ዘመን ደስታ ያለ ባልንጀራ እምብዛም አይገኝም ነበርና ነው። ዛሬ ግን ሁለቱ ተለያይተዋል፤ ባልንጀራ ሳይኖር የሚያጫውት መሣሪያ እስከ ገጠር ጎጆ ድረስ ገብቷል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምጠይቀው፥ ዓይኑ ለጠፋ፥ ዕድሜው ለገፋ፥ በገጠር ለተቀመጠ ሰው ይህን መሣሪያ መስጠት ዕዳችንን ይከፍልልናልን? ብዬ ነው። የምጠይቀውም በሌላ ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ አስቀድሞ ተጠያቂው እኔ ነኝና።

ቅኔ ያስተማሩኝ የኔታ ዛሬ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። የሚኖሩት በቦረና ወረዳ፥ ከመካነ ሰላም ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚያስኬድ ደጋ ላይ ነው። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ፥ ከደሴ ወደ ምዕራብ ሲጓዙ የለጋምቦን ብርዳም ደጋ አቋርጠው መካነ ሰላም ይገባሉ፤ ከዚያም ወዲያ ምድሩ እየተሸነሸነ ወደ ዓባይ ገደል ይወርዳል። በዚያ ደጋ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርዱ ሰውን ከምድጃ ዳር አያላውስም፤ ከራት በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ለሚያይ ሰው ሌሊቱ ሲነጋ ያልፋል፤ ዓይኑ ለጠፋ ሽማግሌ ግን የቀኑም ሰዓት እንደ ሌሊቱ ሰዓት ነው፤ የሚያሳጥርለትም ድምፅ ብቻ ነው።

የየኔታ የዓይን ብርሃን በአንድ ቀን አልጠፋም። ገና በጕልምስናቸው ሳሉ የዓይን ማዝ የምንለው፥ ሐኪሞች ትራኮማ የሚሉት ደዌ ይዟቸው ነበር፤ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌናቸውን ሲፍቀው ኖሮ በመጨረሻ አጠፋው። ሆኖም ማስተማራቸውን አላቋረጡም። ስለ ምን ቢሉ፥ የቅኔ ትምህርት ከብራና ይልቅ በጆሮና በልብ የሚያዝ ነውና። በአብነት ትምህርት ቤት ዓይነ ስውር ተማሪም ዓይነ ስውር መምህርም እንግዳ ነገር አይደለም። በእስክንድርያም በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሊቅ ዲዲሞስ፥ ገና በአራት ዓመቱ ዓይኑ ጠፍቶ ሳለ የዚያ የታወቀ ትምህርት ቤት መምህር ሆኗል፤ ፊደልንም በእንጨት ላይ ተቀርጾ በጣቱ እየዳሰሰ ተማረ ተብሎ ተጽፎለታል።

ስለዚህ ጎጇቸው በተማሪ ተሞልታ ሳለች የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ እንጂ ብቸኛ አልነበሩም። ተማሪው ቅኔውን ሲቈጥር ይውልና ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ እርሳቸውም ያርማሉ፥ ደግሞ ራሳቸው ይዘርፋሉ፤ ሰሙና ወርቁ ለጉባኤው በገባው ጊዜ «ይበል!» ይባላል። ከጊዜ በኋላ ግን ተማሪው እያነሰ ሄደ፤ በመጨረሻ ከአንዲት ልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋራ ብቻ ቀሩ። እኔም በከተማ ተቀምጬ ይህን ስሰማ አዘንሁ፤ በ2008 ዓ.ም. በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ፥ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ትንሽ ሬዲዮ ገዛሁ። በካርዱም ላይ ስብከትና መዝሙር አስጫንሁና ወደ መካነ ሰላም በሚሄድ ነጋዴ እጅ ላክሁላቸው። ምርቃታቸው በዚያው ሰው በኩል በደረሰኝ ጊዜ ኅሊናዬ ዐረፈ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን አልረገጥሁም፤ ሰው ስለ እርሳቸው ቢጠይቀኝም፥ «ሬዲዮ አላቸው» እል ነበር።

አሁን የምናገረው መሣሪያውን ለመንቀፍ እንዳይመስል፥ ስለ በጎነቱ አስቀድሜ ልመስክር። ድምፅን ይዞ መልሶ የሚናገር መሣሪያ በተፈለሰፈ ጊዜ ዓይነ ስውራን አልተረሱም። አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1877 ፎኖግራፍን ሠራ፤ በማግሥቱ ዓመት ስለ ጥቅሙ ሲጽፍ ለዓይነ ስውራን ያለ ድካም የሚናገር መጽሐፍ መሆኑን ከጥቅሞቹ አንዱ አድርጎ ቈጠረው። በእንግሊዝ አገርም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸው የጠፋውን ወታደሮች በማሰብ የተዘጋጀው የድምፅ መጽሐፍ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 በሸክላ ተቀርጾ ይታደል ጀመር። በእኛ ዘንድ ዘመኑ 1928 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያው ዓመት ከአቃቂ ጣቢያ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ድምፅ ይሰማ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላም ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በተተረከ ጊዜ፥ ፊደል ያልቈጠረ ገበሬም ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌም ታሪኩን ከተማረው ሰው ጋራ እኩል ሰማው። ዓይነ ስውር ከሚያየው ሰው ጋራ እኩል የሚሆንበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ሬዲዮ ከእነዚያ አንዱ ነው።

ደግሞም መሣሪያው ሰው የሌለው አንድ በጎነት አለው። በሰው እጅ የሚመራ፥ በሰው ዓይን የሚነበብለት ሽማግሌ ሁልጊዜ ፈቃድ ለማኝ ነው፤ አንባቢው ሲደክመው ይደክማል፥ ሲቸኵል ይቸኵላል። እኩለ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ ልጁን ቀስቅሶ «አጫውቺኝ» ለማለት ያፍራል። መሣሪያው ግን አይሰለችም፥ አያዝንለትም፥ ውለታም አይቈጥርበትም። ይህን ያልተረዳ ሰው፥ መሣሪያ ለሰነፍ ልጅ የተሠራ ቧልት ነው ቢል ተሳስቷል።

ታዲያ ስሕተቴ ከምን ላይ ነው? በ2011 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ ወደ የኔታ ቤት በሄድሁ ጊዜ አወቅሁት። ስገባ ሬዲዮው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በራስጌያቸው ተቀምጦ ነበር። «የኔታ፥ ተበላሸ እንዴ?» ብላቸው፥ «አልተበላሸም፤ አዳምጬ ጨረስሁት» አሉኝ። በካርዱ ላይ የጫንሁት ስብከት ሃያ ያህል ነበር፤ የኔታ ሃያውንም በቃላቸው ይዘውታል፤ ሰባኪው በየትኛው ቃል ላይ እንደሚያስል ሳይቀር ነገሩኝ። «ልጄ፥ ስብከት ዕድሜዬን ሙሉ ሰማሁ፤ ምን መስማት ይወዳሉ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም» አሉና ሣቁ። እኔም ያን ጊዜ ብጠይቃቸው፥ የገበያውን የጤፍ ዋጋ፥ የዓባይን ግድብ ወሬ፥ ማሲንቆን፥ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ወጋየሁ የተረከውን ያን መጽሐፍ ቈጠሩልኝ። «እሱ እኮ በእኛ በካህናቱ ላይ ይቀልዳል» ብላቸው፥ «የምወደው ለዚሁ ነው» አሉኝ።

ሁለተኛው ነገር የእጅ ነገር ነበር። የሬዲዮው ቁልፎች እንደ ምስር የደቀቁ፥ አንዱ ከሌላው የማይለይ ናቸው። የኔታ ጣቢያውን በሳቱት ጊዜ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ድረስ ዝም አሰኝተው ይቀመጣሉ። እኔ ነፃነት የላክሁላቸው መስሎኝ ነበር፤ የላክሁት ግን ሌላ ልመና ነው።

ሦስተኛውን የነገረችኝ ልጃቸው ናት፤ ቡና ስታፈላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችኝ። ቀድሞ ጎረቤቱ ከከብት በረት ሲመለስ በደጃቸው ጎራ ብሎ እንዴት አመሹ ይላቸው፥ ጥቂትም ያወጋቸው ነበር። ሬዲዮው ከገባ ወዲህ ግን መንገደኛው ከቤት ውስጥ የሰው ድምፅ ሲሰማ፥ «እንግዳ አላቸው» እያለ ያልፋል። ሬዲዮ መሆኑን ያወቀውም፥ «የሚያጫውታቸው አግኝተዋል» ይላል። በዚህም ነገር ጎረቤቱ ከእኔ የተለየ ኃጢአት አልሠራም፤ እኔ ከሩቅ ያልሁትን እርሱ ከቅርብ አለው።

አራተኛው በሌሊት ሆነ። በመደቡ ላይ ተኝቼ ሳለሁ የኔታ በጨለማ በስሜ ጠሩኝና አንድ ቅኔ ነገሩኝ። ቅኔው የሞላ፥ ወርቁ የጠለቀ ነበር፤ ሳላስበው ከተኛሁበት ተነሥቼ «ይበል!» አልሁ። የኔታ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላም፥ «ይህ ቅኔ ከመጣልኝ ዓመት አለፈው፤ የሚሰማው ሰው አጥቼ ያዝሁት። ያ ዕቃ ይነግረኛል እንጂ አይሰማኝም» አሉኝ። ቅኔ የዕለቱ ነው፤ በዛሬው ጉባኤ የተነገረ በነገው አይደገምም። ለአንድ ሊቅ ቅኔውን በሆዱ ይዞ ዓመት መቀመጥ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኔ ደቀ መዝሙሩ ስሆን ሳላውቀው ኖርሁ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነገሩን ሳሰላስል ይህን ተረዳሁ። ዓይነ ስውር ሽማግሌ ሁለት ዓይነት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ የሚያገለግለው፥ ሁለተኛው የሚጫወተው ነው። አገልጋይ ያነብለታል፥ ወሬ ያመጣለታል፥ ሰዓቱን ይነግረዋል። ባልንጀራ ግን ይሰማዋል፥ ይመልስለታል፥ ይከራከረዋል፥ በነገሩ ይሥቃል። መሣሪያ የአገልጋዩን ሥራ ቢወስድ ለሽማግሌው ክብር ነው፤ ልመናን ያስቀርለታልና። የባልንጀራውን ቦታ የወሰደ እንደ ሆነ ግን ቀድሞ ያልነበረ ድህነት ያመጣበታል፤ ይኸውም ብዙ እየሰማ የሚሰማው ማጣት ነው። በዚሁ በምዕራብ ወሎ ምድር በጋሥጫ የኖሩት አባ ጊዮርጊስ እንደ ደረሱት የምናምነው «አርጋኖን» ስሙ የዜማ መሣሪያ ስም ነው፤ ዳሩ ግን የሚጸልየው ሰው በአፉ ካልተናገረው በቀር ድምፅ የለውም። ከነስሙ መሣሪያ የተባለው ድርሰት እንኳ የሰውን አፍ ይጠብቃል።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ዘመድ ስጦታ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ እላለሁ።

የመጀመሪያው ስለ ዓይኑ ነው። ስለ ጆሮው ከማሰባችን በፊት ዓይኑ በእውነት የማይመለስ መሆኑን መጠየቅ ይገባል። በአገራችን በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከመቶው ሕዝብ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር መሆኑ ታውቋል፤ ከዚያም እኩሌታ የሚያህለው የታወረው በዓይን ሞራ ነው። ሞራ ደግሞ በአጭር ጊዜ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው። የዓይን ማዝም ቢሆን ሽፋሽፍቱ መታጠፍ በጀመረ ጊዜ ቢታከም፥ ብሌኑ ሳይጠፋ ይድናል። ለየኔታ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ከዚያ ጉዞ በኋላ ሐኪም አይቷቸው የማይመለስ መሆኑን ነገረን። ስለ ሌሎች ሽማግሎች ግን «እርጅና ነው» ብለን የተውነው ብርሃን ስንት ይሆን? በመጽሐፈ ጦቢት የተጻፈውን ካህናት ታውቃላችሁ፤ የሽማግሌው ዓይን በነጭ ነገር ተሸፍኖ ሳለ፥ ልጁ መድኃኒቱን በሰው እጅ አልላከውም፤ ራሱ ይዞ ገባ እንጂ።

ሁለተኛው ስለ እጁ ነው። የሚሰጠውን መሣሪያ ሽማግሌው ያለ ሰው እርዳታ ሊያበራው፥ ሊያጠፋው፥ ሊመርጥበት ይችላልን? በዛሬ ጊዜ ተች የሚባለው ስልክ ጣት የነካውን ጽሕፈት በድምፅ የሚያነብ ሥርዓት አለው፤ ለወጣትና ለለመደው ዓይነ ስውር ታላቅ ነፃነት ነው። ለየኔታ ግን ለስላሳው መስተዋት ለጣታቸው ምልክት አልሰጠም። ዋጋው ቀላል የሆነው ባለ ቁልፍ ስልክ ተሻላቸው፤ በመካከል ባለው በ5 ቍጥር ቁልፍ ላይ ትንሽ ነቍጥ ከፍ ብላ ትዳሰሳለችና፥ ከእርስዋ ተነሥቶ ሌላውን ሁሉ መቍጠር ይቻላል። ዓይነ ስውር ለመሆኑ ታስቦ የተሠራ ዕቃ ሁልጊዜ ውድ ነው ብለን አንስነፍ፤ አንዲት ነቍጥ ትበቃለች። ምን መስማት እንደሚወድም ከራሱ አፍ እንጠይቀው፤ ዓይኑ ስለ ጠፋ የጆሮውን ምርጫ ለእኛ አልሰጠንምና።

ሦስተኛው ስለ አፉ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው ከሽማግሌው የሚቀበለው አለው ወይስ የለውም? የሚል ነው። ያ ባለ ቁልፍ ስልክ ድምፅ ይቀርጻል። የልጅ ልጃቸው አያቱ የሚዘርፉትን ቅኔ ሁሉ ይቀርጽና፥ በወር አንድ ጊዜ መካነ ሰላም ገበያ ሲወጣ ካርዱን ይዞ ይመጣል፤ በከተማው ሱቅ አዲስ ትረካ ያስጭንበታል፥ የአያቱን ድምፅ ደግሞ ወደ እኔ ይልካል። እሑድ ማታ እኔ እደውላለሁ፤ የኔታ ይነግሩኛል፥ ሲገባኝ «ይበል» እላለሁ፥ ሳይገባኝም «ይበል» ያልሁ እንደ ሆነ ያውቁብኛል፤ «ወርቁን ንገረኝ» ብለው ያሳፍሩኛል። ከዚህ በኋላ ሽማግሌው ተቀባይ ብቻ መሆናቸው ቀረ፤ እኔም በሃምሳ ዓመቴ እንደ ገና ተማሪ ሆንሁ።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ በአማራ ክልል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ የቅጂው መምጣት ቀረ። በእጃቸው ያለው ካርድ ግን ኔትዎርክ አይጠይቅምና ትረካው አልተቋረጠባቸውም፤ ለእንዲህ ያለ አገር የሚገዛ መሣሪያ ከሩቅ መስመር ጋራ ሳይታሰር የሚሠራ ቢሆን እንደሚሻል ከዚያ ተማርሁ። ስለ ጎረቤቱም ልጃቸው መላ አገኘች። ትረካው በቀን አይከፈትም፤ ጎረቤቱ ከከብቱ ሲመለስ ትጠራዋለች፥ ቡናው ሲፈላ ይከፈታል፥ ምዕራፉ ሲያልቅ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ክርክር ነው። ሰውን ከደጅ ያሳለፈው ድምፅ አሁን ሰውን ወደ ቤት የሚጠራ ሆነ፤ ዕቃው ግን ያው ዕቃ ነው።

አንዳንድ አንባቢ፥ «እኛ የከተማ ሰዎች ሥራ ይዞናል፤ መንገዱም ሩቅ ነው፤ ከማይልክስ የሚልክ አይሻልምን?» ይለኝ ይሆናል። በእውነት ይሻላል፤ የላከውን አልነቅፍም። የምለው፥ የላከ ሰው በመላኩ አይሸሸግበት ነው። እኔም ዛሬ ዕዳዬን ጨረስሁ አልልም። ይስሐቅ በሸመገለና ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ ልጁን በእጁ ሳይዳስስ በድምፁ ብቻ ለመመረቅ አልወደደም። ዓይኑ የጠፋ ሰው የሚያውቀን በሁለት ነገር ነው፤ በድምፃችንና በእጃችን። ስልክ አንዱን ያደርሳል፥ ሁለተኛውን ግን እግር ካልሆነ በቀር የሚያደርሰው የለም። ስለዚህ መንገዱ ሲፈቅድ በዓመት ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ። ስገባ የኔታ አስቀድመው እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ይዳስሳሉ፤ ባለፈው ጊዜ፥ «ከስተሃል፤ በስልክ ደኅና ነኝ ያልኸኝ ዋሽተህ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ታምሜ ሰንብቼ ነበርና። በየሳምንቱ ድምፄን ሲሰሙ ያላወቁትን በአንድ ጊዜ በእጃቸው አወቁት።

ወንድሞቼ ሆይ፥ በየደጋው፥ በየቈላው እንዲህ ያለ አባት ወይም እናት የሌለን ጥቂቶች ነን። ሬዲዮውን እንግዛ፥ ስልኩን እንላክ፥ ካርዱንም በሚወዱት ነገር እናስሞላ። ነገር ግን ከመላካችን በፊት አንድ ቀን ሄደን በመደቡ ላይ እንቀመጥና፥ ምን መስማት እንደሚወዱ እንጠይቅ፤ ቀጥሎም ሊነግሩን የሚወዱት ነገር እንዳለ እንጠይቅ። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከመጀመሪያው ይልቅ ይረዝማልና፥ የምንሄድበትን ቀን ጊዜ ያለን ቀን እናድርገው።